ልጃችሁ በስሪላንካ ለኦ ኤል እና ለኤ ኤል ሲቀመጥ፦ በየትኛው ቋንቋ? እንዴትስ ያጥና?

ባለቤቴ የኔጎምቦ ሰው ነው፤ ኩዌት ተዋውቀን ነው የተጋባነው። ኔጎምቦ ከኮሎምቦ በስተሰሜን፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ያለች የዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት። ልጃችን አምስተኛ ክፍል ስትጨርስ ዕቃችንን ጠቅልለን ገባን። በመጀመሪያው ሳምንት አማቴ ሻይ እየቀዱልኝ «በየትኛው ሚዲየም ልታስገቢያት ነው?» አሉኝ። ጥያቄው አልገባኝም፤ ሚዲየም የሚሉት የመማሪያውን ቋንቋ ነው። እኔ አዲስ አበባ እስከ ስድስተኛ በአማርኛ፣ ከሰባተኛ ጀምሮ በእንግሊዝኛ የተማርኩ ሰው ነኝ። የምማርበትን ቋንቋ እኔንም ወላጆቼንም የጠየቀ አልነበረም። እዚህ አገር ግን ልጅ በሲንሃላ፣ በታሚል ወይም በእንግሊዝኛ ተምሮ፣ በተማረበት ቋንቋ አገር አቀፍ ፈተና ይቀመጣል።

አሁን ልጄ ኦ ኤልን (የ11ኛ ክፍል ማብቂያውን ፈተና) አልፋ ለኤ ኤል (ለ13ኛው) እየተዘጋጀች ነው። ከዓረብ አገር ከስሪላንካዊ ባል ጋር የመጡ እህቶች ደጋግመው የሚጠይቁኝን፣ እኔም ተሳስቼ የተማርኩትን በቅደም ተከተል ላስቀምጥ።

1. መጀመሪያ ፈተናዎቹን ለዩ

ሦስት አገር አቀፍ ፈተናዎች አሉ፤ ሁሉንም የሚያዘጋጀው ባታራሙላ አካባቢ ፔላዋቴ የሚገኘው የፈተናዎች መምሪያ ነው። አምስተኛ ክፍል ላይ የስኮላርሺፕ ፈተና አለ። ከ11ኛ ክፍል በኋላ፣ በ16 ዓመት ገደማ፣ ኦ ኤል ይመጣል፤ በሲንሃላ «ሳማንየ ፔለ» ይሉታል። ከ13ኛ ክፍል በኋላ ደግሞ ኤ ኤል፣ «ኡሳስ ፔለ»፣ የእኛ ማትሪክ ማለት ነው።

ኦ ኤል ዘጠኝ ትምህርት ነው። ስድስቱ ግዴታ ናቸው፦ ሃይማኖት፣ የአፍ መፍቻ ቋንቋ (ሲንሃላ ወይም ታሚል)፣ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስና ታሪክ። ሦስቱን ልጁ ከየምድቡ ይመርጣል። ውጤቱ በፊደል ይወጣል፤ ኤ ከ75 ጀምሮ ነው፣ ዝቅተኛው ማለፊያ ኤስ ከ35፣ ከዚያ በታች ያለው ደብልዩ ይባላል። ወደ ኤ ኤል ለመግባት በስድስት ትምህርት ማለፍ ያስፈልጋል፤ ከስድስቱ ውስጥ የአፍ መፍቻ ቋንቋና ሒሳብ መኖር አለባቸው፣ ከስድስቱም ቢያንስ ሦስቱ በሲ (ከኤስ ቀጥሎ ከፍ በሚለው ደረጃ) ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለባቸው።

ይቺን ዓረፍተ ነገር ደግማችሁ አንብቧት፤ የብዙዎቻችን ችግር የተደበቀው እሷ ውስጥ ነው። ልጃችሁ እንግሊዝኛን እንደ ውኃ ቢጠጣውም፣ በመንግሥት ሥርዓት ውስጥ ከሆነ ሲንሃላ ወይም ታሚል በአፍ መፍቻ ደረጃ ካላለፈ መንገዱ ይዘጋል።

2. ቋንቋውን ምረጡ፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ ይከተላል

ጉዳዩ እዚህ አገር ለምን እንዲህ ከባድ እንደሆነ ለማወቅ ታሪኩን በጥቂቱ መስማት ይጠቅማል። በእንግሊዞች ጊዜ ጥሩ ትምህርት ማለት በእንግሊዝኛ የሚሰጥ፣ በገንዘብ የሚገዛ ትምህርት ነበር። በ1945 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) በካናንጋራ የትምህርት ሚኒስትርነት ትምህርት በነፃ ሆነ፤ ማስተማሪያውም ቀስ በቀስ ወደ ሲንሃላና ታሚል ዞረ። በ1956 ሲንሃላ ብቻውን የመንግሥት ቋንቋ ሆነ። በ1971 ደግሞ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ በታሚል የተፈተኑ ተማሪዎች ከፍ ያለ ነጥብ እንዲያመጡ ተጠየቁ። ያ ቅሬታ ኋላ ላይ ለመጣው የእርስ በርስ ጦርነት ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ነው። ስለዚህ ባቡር ላይ ከጎናችሁ የተቀመጠ ሰው «በምን ሚዲየም ነው የምትማረው?» ብሎ ሲጠይቅ ወሬ ለማሳመር ብቻ አይምሰላችሁ። ዛሬ ሲንሃላም ታሚልም የመንግሥት ቋንቋዎች ናቸው፣ እንግሊዝኛም አገናኝ ቋንቋ ተብሏል፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይም በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተመልሶ ማስተማሪያ ሆኗል።

በተግባር ከፊታችሁ ያሉት መንገዶች አራት ናቸው።

የሲንሃላ ሚዲየም፦ ብዙ ትምህርት ቤት፣ ብዙ መምህር፣ ብዙ መጽሐፍ፣ ብዙ አስጠኚ።

የታሚል ሚዲየም፦ በሰሜንና በምሥራቅ፣ በሻይ እርሻዎቹ አካባቢ፣ እንዲሁም በብዛት በሙስሊም ትምህርት ቤቶች። ባላችሁ ሙስሊም ከሆነ ዘመዶቹ ቤት የሚነገረው ታሚል ሊሆን ስለሚችል ይህን መንገድ ሳታዩ አትለፉት።

ሁለት ቋንቋ፦ ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ በአንዳንድ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሒሳብ፣ ሳይንስና ጥቂት ሌሎች ትምህርቶች በእንግሊዝኛ፣ ቀሪው በሲንሃላ ወይም በታሚል። ሰው በአጭሩ «ኢንግሊሽ ሚዲየም» የሚለው ይህንን ነው። እኔ የተሸወድኩትም እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው ትምህርት ቤት «ኢንግሊሽ ሚዲየም አለን» ሲለኝ ሁሉም በእንግሊዝኛ መስሎኝ በደስታ አስመዘገብኳት። ታሪክና ሃይማኖት በሲንሃላ እንደሆኑ ያወቅሁት የመጀመሪያው ተርም ውጤት ሲመጣ ነው፤ ታሪክ 11። ልጅቷ ጥያቄውን እንኳ ማንበብ አልቻለችም ነበር። ስለዚህ ስትመዘግቡ «የትኞቹ ትምህርቶች በየትኛው ቋንቋ?» ብላችሁ በዝርዝር አስጽፉ።

ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት፦ እንደ ንግድ ድርጅት የሚመዘገቡ፣ የሚያስከፍሉ፣ በአብዛኛው የእንግሊዝ አገሮቹን የካምብሪጅ ወይም የኤዴክሴል ፈተና የሚያስፈትኑ። እዚህ አገር «ለንደን ኦ ኤል» ይባላል። አገርኛውና ለንደኑ በስም ይመሳሰላሉ እንጂ ሌላ መጽሐፍ፣ ሌላ ፈታኝ፣ ሌላ በር ናቸው።

የኔን ፍርድ ከፈለጋችሁ ይኸውላችሁ። ልጁ አምስተኛ ክፍልን ሳይጨርስ ከመጣ የመንግሥት ትምህርት ቤት አስገቡት፤ በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ከጎረቤት ልጆች ጋር ክሪኬት ሲጫወት ቋንቋውን ይይዘዋል። ስድስተኛ ወይም ሰባተኛ ላይ ከመጣና እንግሊዝኛው ጥሩ ከሆነ ሁለት ቋንቋው ይሻላል፤ ግን ሲንሃላውን የሚያስጠናው ሰው ከመጀመሪያው ቀን መኖር አለበት። ስምንተኛና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ አቅም ካላችሁ፣ ለንደን ኦ ኤልን ምረጡ። በሦስት አራት ዓመት ጊዜ ውስጥ በአዲስ ፊደል የታሪክ ድርሰት ጻፍ ማለት ልጁን መበደል ነው። ዘመዶች «ይለምደዋል» ይሏችኋል። ንግግሩን አዎ ይለምደዋል፣ ጽሕፈቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን ቀጥዬ አነሳዋለሁ።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ አስቡ፦ ኤ ኤልን በሲንሃላ ያለፈ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሕክምና ወይም ምሕንድስና ሲጀምር ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። እኛን ሰባተኛና ዘጠነኛ ላይ የጠበቀን ግድግዳ እዚህ 19 ዓመት ላይ ይጠብቃል ማለት ነው። በየትኛውም ሚዲየም ይማር፣ እንግሊዝኛ ማንበቡን አታስተውት።

3. የአፍ ቋንቋና የፈተና ቋንቋ ይለያያሉ

የሲንሃላ ንግግርና ጽሕፈት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። በንግግር ግሡ ከባለቤቱ ጋር አይለወጥም፦ «ማመ ያነዋ» (እሄዳለሁ)፣ «አፒ ያነዋ» (እንሄዳለን)፣ «ኤያ ያነዋ» (ይሄዳል)። ሁሉም ያው «ያነዋ» ነው። በጽሕፈት ግን «ማመ ያሚ»፣ «አፒ ያሙ»፣ «ኦሁ ያዪ» ይሆናል። ልጄ ሰፈር ውስጥ የተማረችውን ሲንሃላ እንዳለ ድርሰት ላይ ስትጽፈው መምህሯ ገጹን በቀይ አለበሱት። ታሚልም እንደዚሁ የአፉና የመጽሐፉ የተለያየ ነው።

ደስ የሚለው ነገር፣ በዚህ ላይ አማርኛ ለሚያውቅ ልጅ መንገዱ ቀላል ነው። እሄዳለሁ፣ እንሄዳለን፣ ይሄዳል እያለ ያደገ ልጅ ግሥ ከባለቤቱ ጋር መስማማቱ አይደንቀውም። ፊደሉም እንደዚያው ነው፦ ሲንሃላም ታሚልም እንደ ሀ ሁ ሂ አንድ መሠረታዊ ፊደል ይዘው ለአናባቢው ምልክት ይጨምሩበታል። እኔ ራሴ ገበታውን እንደ ፊደል ገበታ በረድፍ ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጥፌ ነው ከልጄ ጋር የቆጠርኩት፤ አማቴ በሳቅ ሊሞቱ።

እንግዲህ ይህን አድርጉ። ባለሦስት ረድፍ ደብተር ያዙ፦ አንዱ ረድፍ የፈተናው ቋንቋ፣ አንዱ እንግሊዝኛ፣ አንዱ አማርኛ። የእኔን አንድ ገጽ ላሳያችሁ። «ብርሃን አስተፃምሮ» በሲንሃላ «ፕራባሳምስሌሸነየ» ነው፤ «ፕራባ» ብርሃን፣ የቀረው ማዋሐድ። በታሚል «ኦሊቶኩፑ» ነው፤ «ኦሊ» ብርሃን፣ «ቶኩፑ» ማሰባሰብ። ሦስቱም ቋንቋ ቃሉን የሠሩት በአንድ መንገድ ነው፤ ይህን ያየ ልጅ ያን ረጅም ቃል ሳይሸመድድ ይይዘዋል። ላዕልና ታህት በሲንሃላ «ላወየ» እና «ሀረየ»፣ በታሚል «ቶኩዲ» እና «ፓኩዲ» ናቸው። በቀን አምስት ቃል ይበቃል።

ከቃላቱ በፊት ግን የትእዛዝ ቃላትን አስጠኑ። «ናም ካረንነ» ስሙን ጥቀስ ነው፤ «ቪስተረ ካረንነ» ዘርዝረህ ግለጽ፤ «ፓሀደንነ» አብራራ። ስሙን ጥቀስ ለተባለው ግማሽ ገጽ የሚጽፍ፣ አብራራ ለተባለው ደግሞ አንድ ቃል ጥሎ የሚያልፍ ልጅ ትምህርቱን እያወቀ ይወድቃል።

4. ትምህርት መምረጥ

ረጅም ነገር የለበትም። ሃይማኖት ግዴታ ነው፤ ቡድሂዝም፣ ሂንዱ፣ እስልምና፣ ካቶሊክና ክርስትና አሉ፤ ተዋሕዶ የሚባል ምርጫ የለም። ኔጎምቦ በአብዛኛው ካቶሊክ ስለሆነች የባለቤቴ ዘመዶችም እንደዚያው ስለሆኑ ልጄ ካቶሊክ ወሰደች፤ ቤት ውስጥ የምንጾመው ግን የእኛኑ ነው። ከምርጫዎቹ ሦስት ትምህርቶች ውስጥ ቢያንስ አንዱ ጽሑፍ የማይበዛበት ይሁን፤ ሥዕል፣ ሙዚቃ ወይም ኮምፒውተር ለአዲስ መጪ ልጅ እፎይታ ነው።

5. መጽሐፍና ያለፉ ዓመታት ፈተናዎች

የመንግሥት መማሪያ መጽሐፍ በነፃ ይታደላል፤ የትምህርት ኅትመት መምሪያ በሦስቱም ቋንቋ ስለሚያወጣው ከድረ ገጹም በነፃ ይወርዳል። እኔ የሳይንሱን መጽሐፍ በሲንሃላም በእንግሊዝኛም አውርጄ ጎን ለጎን አስቀምጣቸዋለሁ፤ ምዕራፎቹ ስለሚመሳሰሉ ልጅቷ በአንዱ ያልገባትን በሌላው ታገኘዋለች። የመምህሩ መምሪያ ደግሞ ማሃራጋማ ካለው ብሔራዊ የትምህርት ተቋም ይወጣል፤ ስለየምዕራፉ ምን መጠየቅ እንደሚቻል ፍንጭ የሚሰጠው እሱ ነው።

ትልቁ ሀብት ግን ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችና የእርማት መምሪያቸው ነው። መጽሐፍ ቤት ሁሉ ተጠርዘው ይሸጣሉ። የእርማት መምሪያ የሌለውን አትግዙ። ለምን? አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። የኦ ኤል ሒሳብ ወለድ በጣም ይወዳል። 50,000 ሩፒ በዓመት 12 በመቶ ወለድ፣ ወለዱ ከዋናው ጋር እየተደመረ፣ ለሁለት ዓመት ቢቀመጥ ስንት ይሆናል? ልጄ በካልኩሌተር ጭንቅላት ነው የምታስብ፤ 62,720 ብላ ጽፋ አለፈች። ልክ ናት። የእርማት መምሪያው ግን ነጥቡን የሚያከፋፍለው በሥራው ላይ ነው፦ የመጀመሪያው ዓመት ወለድ 6,000፣ ድምሩ 56,000፣ የሁለተኛው ዓመት ወለድ 6,720፣ ድምሩ 62,720። ከነዚህ መካከል አንዷን ብትሳሳት እንኳ የቀሪዎቹን ነጥብ ትወስዳለች፤ መልስ ብቻ የጻፈ ልጅ ግን አንዴ ከተሳሳተ ሁሉንም ያጣል። ይህን በአፍ መቶ ጊዜ ነግሬያታለሁ፤ የገባት ግን በመምሪያው የራሷን ወረቀት እንድታርም ሳደርጋት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፈተናው ዓመት ሲቀረው ያለፉትን ፈተናዎች በምዕራፍ ቆራርጣችሁ አሠሩት። ስድስት ወር ሲቀረው ሙሉ ወረቀት፣ በሰዓት፤ የኦ ኤል ሒሳብ የመጀመሪያው ወረቀት ሁለት ሰዓት፣ ሁለተኛው ሦስት ሰዓት ነው። ስልኩ ሌላ ክፍል ይደር። በማግስቱ ራሱ ያርም፣ የሳተውን በአንድ ደብተር ይመዝግብ፤ ከሳምንት በኋላ የሚሠራው ያንን ደብተር ነው። ቅርብ ጊዜ የወጡትን ሁለትና ሦስት ፈተናዎች ግን ለመጨረሻው ወር ደብቋቸው፤ እኔ ቁም ሳጥን ላይ፣ የነጠላዬ ሥር ነበር የማስቀምጣቸው።

6. ቱይሽን

ስሪላንካ ውስጥ ከትምህርት ቤት በኋላ ሌላ ትምህርት ቤት አለ፤ ቱይሽን። ኮሎምቦ አጠገብ ያለችው ኑጌጎዳ ብትሄዱ አንድ መምህር በማይክራፎን ለመቶዎች ሲያስተምር ታያላችሁ፤ ፖስተሩ እንደ ዘፋኝ ፖስተር በየግንቡ ላይ ተለጥፏል። ሁሉም ልጁን ስለሚልክ እናንተም ትደነግጣላችሁ። አትደንግጡ። ለኦ ኤል ሁለት ትምህርት ይበቃል፤ አንደኛው የግድ የሲንሃላ (ወይም የታሚል) ጽሕፈት ይሁን፣ ያውም በትንሽ ቡድን፣ የልጁን ድርሰት የሚያርም ሰው ያለበት። መቶዎች የተቀመጡበት አዳራሽ ውስጥ የማንም ድርሰት አይታረምም። ቅዳሜና እሑድን ሙሉ በቱይሽን ያሳለፈ ልጅ መቼ ብቻውን ያጥና? ይህን ጥያቄ ለባለቤቴ ዘመዶች ባነሳሁ ቁጥር ፊታቸው ይጠቁራል፤ ሐሳቤን ግን አልቀየርኩም።

7. ምዝገባና ስም

የትምህርት ቤት ተማሪን የሚያስመዘግበው ትምህርት ቤቱ ነው፤ በግል የሚፈተን ራሱ በመምሪያው ድረ ገጽ ያመለክታል። ማመልከቻው ላይ በየትምህርቱ የሚፈተንበት ቋንቋ ይሞላል፤ ከመፈረማችሁ በፊት እናንተው አንብቡት። ልጁ ዓረብ አገር ከተወለደ ልደቱ በስሪላንካ ቆንስላ መመዝገቡን ከዓመታት በፊት አረጋግጡ፤ መታወቂያ ሲወጣለት የሚጠየቀው ይኼ ነው።

ስሙን በተለይ ተጠንቀቁ። እዚህ አገር የቤተሰብ ስሞች ባጭሩ በፊደል ተወክለው ከፊት ይጻፋሉ፤ የእኛ ደግሞ የራስ ስም ከዚያ የአባት ነው። በዚያ ላይ ጸ፣ ጠ፣ ቀ የሚባል ድምፅ በሲንሃላ የለም፤ ጽጌ የነበረችው ልጅ «ሲጌ» ሆና ቁጭ ትላለች። የልደት ወረቀት፣ ፓስፖርትና የፈተና ማመልከቻ ላይ የእንግሊዝኛው አጻጻፍ አንድ ዓይነት ካልሆነ ከዓመታት በኋላ ለቪዛ ወይም ለዩኒቨርሲቲ ስታመለክቱ ቃለ መሐላ ፍለጋ ትንከራተታላችሁ።

8. የፈተናው ሰሞን

ቀኑ ሊገፋ እንደሚችል ከወዲሁ ለልጁ ንገሩት። ድሮ ኤ ኤል ነሐሴ፣ ኦ ኤል ታኅሣሥ ነበር፤ ከኮቪድና ከ2022ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ ወዲህ ወራቱ ተቀያይረዋል። በኅዳር 2024 ደግሞ ጎርፍ ኤ ኤልን መሃል ላይ አስቁሞታል። ለአንድ ቀን ብሎ ጉልበቱን ሁሉ የጨረሰ ልጅ ሲራዘምበት ይፈርሳል። በጽሑፍ ወረቀቶች ላይ ተጨማሪ የ10 ደቂቃ ማንበቢያ ጊዜ አለ፤ እሷን የትኞቹን ጥያቄዎች እንደሚመርጥ ለመወሰን ይጠቀምባት።

9. ውጤት፣ ኤ ኤል እና ዜድ

ውጤቱ ያልተጠበቀ ከሆነ እንደገና እንዲታይ ማመልከት ይቻላል፤ ቀነ ገደቡ አጭር ስለሆነ ለቅሶው ይቆየን ብላችሁ መጀመሪያ አመልክቱ።

ኤ ኤል ሦስት ዋና ትምህርት ነው፦ ለምሳሌ ሒሳብ፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪ፤ ወይም ባዮሎጂ ያለበት፤ ወይም ንግድ፤ ወይም አርትስ፤ ወይም ቴክኖሎጂ። ለዩኒቨርሲቲ ሦስት ጊዜ ብቻ መሞከር ይቻላል። የሚታየውም ጥሬ ነጥብ ሳይሆን ዜድ ስኮር ነው፤ የልጁ ነጥብ ከተፈታኞቹ አማካይ ምን ያህል እንደራቀ ይለካል፤ ልዩነቱ ለነጥቦቹ ስርጭት (ስታንዳርድ ዴቪየሽን) ይካፈላል። ለምሳሌ ያህል በፊዚክስ አማካዩ 40፣ የነጥቦቹ ስርጭት 15 ቢሆንና ልጁ 70 ቢያመጣ ዜዱ 2 ነው። በሌላ ትምህርት አማካዩ 55፣ ስርጭቱ 10 ሆኖ 65 ቢያመጣ ዜዱ 1 ብቻ ነው። የሦስቱ አማካይ ይወሰዳል። «ቀላል ትምህርት ይውሰድ» የሚለው ምክር እዚህ ብዙም የማይሠራው ለዚህ ነው፤ ለሁሉም የቀለለ ትምህርት ማንንም ከፍ አያደርግም።

በአብዛኞቹ የትምህርት መስኮች ከመቶው የመግቢያ ቦታ 40ው በአገር አቀፍ ውጤት፣ 55ቱ በ25ቱ ዲስትሪክቶች የሕዝብ ብዛት፣ 5ቱ ደግሞ በትምህርት ወደኋላ ለቀሩ ዲስትሪክቶች ይከፋፈላል። ኮሎምቦ ወይም ጋምፓሃ የተማረ ልጅ ሕክምና ለመግባት ራቅ ካለ ዲስትሪክት ከመጣው የበለጠ ዜድ ይጠየቃል። ኔጎምቦ ያለችው ጋምፓሃ ውስጥ ነው። ይህን የነገሩኝ ልጄ ባዮሎጂ ከመረጠች በኋላ ነው፤ እናንተ ከምርጫው በፊት ያለፉትን ዓመታት የዲስትሪክታችሁን መቁረጫ ነጥብ ከዩኒቨርሲቲዎች ኮሚሽን ድረ ገጽ አውርዳችሁ ከልጃችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ እዩት።